ሸንኮራ አገዳ የሞላበት ሻንጣ

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ውስጥ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። ባለቤቴ ታደሰ ነበር፤ የስኳር ፋብሪካ መካኒክ ነው፣ የዚያን ቀን ተረኛ ስላልነበረ ቤት ውሏል። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ፤ ዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት የሚያመርቱና የሚነግዱ ሰው ናቸው፣ ታደሰን አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ልጃችን ሲምቦ ነበረች፤ የቀኑ ጉዳይ በሙሉ የእሷ ጉዳይ ነው። እህት ምሕረት ነበረች፤ በቤተ ክርስቲያናችን የምልጃ ጸሎት የምትመራ፣ ለእኔ ደግሞ ከእህት የምትቀርብ። አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ስማቸውን ለውጫለሁ፣ ነገሩን ግን አልለወጥኩም። ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ ብዙ ሰው እዚያ እንደነበረ ሆኖ ስላወራው ነው።

እኔ ወንጂ፣ ከአገዳ ቆራጮች ካምፕ ነው ያደግሁት። አባቴ ከከምባታ አገዳ ሊቆርጥ መጥቶ እዚያው ቀረ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አሁን አዳማ፣ ከፍራንኮ ሰፈር ወረድ ብሎ ባለው ቤታችን የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ፈሪ ሴት ነኝ። ልጄ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ታርጋውን አይቼ እይዛለሁ። ስልኳ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት።

ሲምቦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን በጥሩ ውጤት አለፈች። እዚሁ አዳማ ያለው ዩኒቨርሲቲ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው፤ ያ ፈተና በሚሰጥበት ዕለት ታይፎይድ ይዟት ክሊኒክ ተኝታ ነበር። ያኔ ምሕረት ከእኔ ጋር ወለሉ ላይ ጋቢ አንጥፋ አድራለች። ስለዚህ ሲምቦ የቀራት እንደ ሌላው ተማሪ የሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል መርጣ በኢንተርኔት መሙላት ነበር። መሙያው ሰኞ ይዘጋል። አንደኛ ያደረገችው ጅማን ነው።

ለምን ጅማ? ሲምቦ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ፣ ከተመረቀች በኋላ ደግሞ ሕግ ልትማር ነው ሐሳቧ። ሁለቱም በሚሰጥበት ቦታ ከሆንኩ በኋላ ወደ ሕጉ ስሻገር አገር አልቀይርም ትላለች። ይህ ሐሳብ ከሰማይ አልወረደባትም። አሥረኛ ክፍል ሳሉ የአንዲት ጓደኛዋን ፊት ክፉ ሰዎች ከሌላ ሴት ገላ ጋር አጣብቀው በቴሌግራም በተኑት። ወላጆቿ ሊከሱ ሄዱ። የተቀበላቸው ሰው ስልኩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ "ይሄ እሷ አይደለችም ብላችሁ እንዴት ታስረዳላችሁ?" አላቸው። ልጅቷ ትምህርት አቋረጠች። ሲምቦ የዚያን ሰሞን እራት አትበላም ነበር። "እማ፣ ሕግ የሚያውቀው ኮምፒውተር አያውቅም፤ ኮምፒውተር የሚያውቀው ሕግ አያውቅም። ሁለቱንም የምታውቅ አንዲት ሰው ብትኖር ኖሮ!" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቧን አልቀየረችም።

እኔ እንኳን ጅማ፣ ሞጆም ብትሄድብኝ አልወድም። ግን አልከለከልኳትም። ከልካዩ ሌላ ነበር።

ጋሽ ቶሎሳ ከምሳ በኋላ መጡ። በጣም ይሞቅ ነበር፤ አቧራ የያዘ ነፋስ በሩን እየመታ ያስጮኸዋል። ገና ሳይቀመጡ ሲምቦን ትከሻዋን ያዙና፣

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?" አሏት። ልጄ፣ እንዴት ነሽ ማለታቸው ነው።

"ደህና ነኝ አቤራ።" የአባቷን ወንድም አቤራ ነው የምትላቸው።

"ጅማ፣ ጅማ ትያለሽ አሉ። ጅማ ቡና ካልሆነ ምን አለ?"

"ኮምፒውተር ሳይንስ አለ። ሕግም አለ።"

"ሕግ ደግሞ ከየት መጣ? ኮምፒውተር አልነበር እንዴ?"

"መጀመሪያ ኮምፒውተር ነው አቤራ። ሕጉ በኋላ ነው።"

"ሁለት ጊዜ ልትመረቂ! እስከዚያ የሚጠብቅሽ ባል ይሸመግላላ!"

"ይሸምግል፤ ሽማግሌ አይጨቃጨቅም።"

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ቶሎሳም ሳቁ፤ ሲስቁ ደግ ሰው ናቸው። ከዚያ ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ስለ መንገዱ ማውራት ጀመሩ። ሽንኩርት የጫነ መኪናቸው መንገድ ላይ የቀረ ጊዜ የሹፌሩ ድምፅ ለስንት ቀን እንደጠፋ፣ የሹፌሩ ሚስት እሳቸው ቤት በራፍ ላይ ተቀምጣ እንዴት እንዳለቀሰች ነገሩን። ሰውየው በሰላም ተመልሷል። "ግን የሚስቱ ዓይን ከፊቴ አልጠፋም" አሉ።

"እዚሁ ኮምፒውተር የሚያስተምር ኮሌጅ አለ" ቀጠሉ። "ከእናትሽ ቤት ወጥተሽ እናትሽ ቤት ትገቢያለሽ። እኔ አለሁ።"

"ሄጄ አይቼዋለሁ አቤራ። ከኮምፒውተሮቹ ግማሹ አይበራም። ተማሪዎቹ ተራ ይጠብቃሉ።"

"ተራ መጠበቅ ምን አለው? ጨዋ ሰው ተራ ይጠብቃል።"

ታደሰ በመሃል ገባ። በወንድሙና በልጁ መካከል ሲሆን ሁልጊዜ ሦስተኛ መንገድ ይፈልጋል። "ኩየራስ? እዚያም ኮሌጅ አለ። ሻሸመኔ አጠገብ ነው፣ ዘመድ አለን።"

"አባ፣ የምፈልገው ትምህርት እዚያ መኖሩን እንኳ አላውቅም። ዘመድ ስላለ ነው የምማረው?"

"ድምፅሽን!" አላት ታደሰ። ነፋሱ በሩን መልሶ አስጮኸው።

ምሕረት የመጣችው በዚህ መሃል ነው። የጠራኋት እኔ ነኝ። በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ያለ ጸሎት አይወሰንም። ሁላችንም የጸሎት ርእሳችንን ለምሕረት እንነግራታለን፣ እሷ ትጸልያለች፣ ከጸለየች በኋላ ደግሞ ዝም ብለን እንጠብቃለን፤ አንዳንድ ጊዜ ጌታ አንድ ነገር ያሳያታል። ባሏ የጠፋባት ሴት የት እንዳለ በእሷ አፍ ሰምታለች ይባላል። እኔ ወንድ ልጅ አስወርዶኝ አልጋ ላይ በነበርኩ ጊዜ ደግሞ ምንም ራእይ ሳትነግረኝ ደም የነካውን ልብሴን አጥባልኛለች። የምወዳት ለዚያኛው ነው።

ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ ለጋሽ ቶሎሳ ዝቅ ብላ ሰላምታ ሰጠች።

"ይጸልዩልን እህቴ" አሏት። "ልጅቱ ሩቅ ልትሄድብን ነው።"

"ጌታ ያለው ይሆናል ጋሼ።"

"እኔም እሱን ነው የምለው" አለች ሲምቦ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ልጄ አማኝ ናት፤ በመዘምራን ውስጥ ታገለግላለች። ሊያስገድዷት የፈለጉ ሁሉ ይህን ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች። ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። የመሙያው ገጽ ተከፍቶ ይታየኛል።

ምሕረት ስትጸልይ መጀመሪያ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ለቤቱ ጸለየች፣ ለአባወራው ጸለየች። ለጋሽ ቶሎሳ እርሻ ውሃ ለመነች። ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ። ታደሰ ከወንበሩ ወርዶ ተንበረከከ፤ እኔም ተንበረከክሁ። ብዙ ቆየን። ጉልበቴ ሲደነዝዝ ይታወቀኛል። በድንገት ዝም አለች።

"አንድ ነገር ይታየኛል" አለች።

ጋሽ ቶሎሳ፣ "ተናገር ጌታ ሆይ" አሉ።

"አስፋልት ይታየኛል። የሚታጠፍ መንገድ ነው። ሰው የለም። መሃሉ ላይ ሻንጣ ወድቋል። አረንጓዴ ሻንጣ።"

ሲምቦ ዓይኗን ገለጠች።

"ዚፑ ተከፍቷል። ልብስ ግን የለበትም።" ምሕረት እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፤ የምትዳስስ ትመስላለች። "ሸንኮራ አገዳ ነው። የተቆረጠ ሸንኮራ አገዳ ሞልቶበታል።"

ከታደሰ ደረት የወጣውን ድምፅ ሌላ ጊዜ ሰምቼው አላውቅም። "አባቴን!" ብሎ በግንባሩ ወለሉ ላይ ተደፋ።

ይህን ልንገራችሁ፤ አለዚያ አይገባችሁም። የታደሰ አባት የሞቱት አገዳ የጫነ ተጎታች ተገልብጦባቸው ነው። ታደሰ ሕፃን ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ጎረምሳ ነበሩ፣ አባታቸውን ከአገዳው ሥር በእጃቸው ቆፍረው ያወጧቸው እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ይህን ለማንም አይናገሩም። እኔም ያወቅሁት ከተጋባን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ምሕረት አታውቅም፤ ማንም አልነገራትም። ስለዚህ አገዳ ስትል ለሁለቱ ሰዎች ሰማይ ተከፈተ። ጋሽ ቶሎሳ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ፣ "ያንኑ ደም ሊደግምብን ነበር፤ ጌታ አስቀድሞ ነገረን" ይላሉ።

እኔ ግን አስፋልቱን፣ አረንጓዴውን ሻንጣና አገዳውን አውቃቸዋለሁ። የእኔ ሕልም ናቸው። የሲምቦ ውጤት የመጣ ሰሞን አየሁት። ካምፕ ተወልዶ ያደገ ሰው ሕልሙ ውስጥ አገዳ መግባቱ ምን ይገርማል? ለታደሰ አልነገርኩትም፣ በአባቱ ምክንያት። የነገርኩት ለምሕረት ብቻ ነው፤ አንድ ለቅሶ ቤት ጓሮ ተቀምጠን ድንች ስንልጥ። "ፍርሃት ነው፣ ተይው" ብላኝ ነበር።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ልጄ አትሄድም። እኔ ምንም ሳልል፣ ሳልከለክል፣ ሳልለምን እቤቴ ቀረችልኝ። ምላሴን ብይዝ በቂ ነው።

ሲምቦ አባቷን አየች፤ መሬት ላይ ነው። አጎቷን አየች። ስልኳን አነሳች።

"እሺ" አለች።

ይህች ልጅ አፏን ከፈታች ጀምሮ "ለምን" ሳትል "እሺ" ብላ አታውቅም። ጫማ አድርጊ ሲሏት ለምን፣ ተኚ ሲሏት ለምን። አሁን አንድም ነገር ሳትጠይቅ አውራ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች፤ ጅማን ስታጠፋ አየሁ። ከዚያ በደረቀ ድምፅ፣ "አቤራ፣ የኮሌጁ ስም ማን ነበር?" አለች።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። እኔ ከፈትኩት ለማለት አልችልም።

"ምሕረት፣ ይሄ የእኔ ሕልም ነው።"

"ምን አልሽ?" አለ ታደሰ፣ ከወለሉ ቀና ብሎ።

"ሻንጣው፣ አገዳውም። እኔ ያየሁት ሕልም ነው። ለቅሶ ቤት ድንች ስንልጥ የነገርኩሽ።"

ምሕረት ዓይኗን ገለጠች። ትቆጣለች ወይም ትክዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንገቷን በእጇ ይዛ ያለችበት እንደ ጠፋባት ሰው ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች።

"ነግረሽኝ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

"ነግሬሻለሁ።"

"እኔ... አሁን ነው እኮ ያየሁት። እንደዚህ ቁልጭ ብሎ።"

"ፍርሃት ነው፣ ተይው ብለሽኛል እኮ ምሕረት።"

ዋሽታ ነው ወይስ ከእኔ የሰማችው ከጌታ እንደሰማችው ሆኖባት ነው? እስካሁን አላውቅም። ያን ቀን ዓይኗን ያየ ሰው ዋሸች ለማለት ይቸግረዋል።

ጋሽ ቶሎሳ ተነሱ። ወደ ምሕረት አልዞሩም፤ ወደ እኔ ነው የዞሩት።

"የሲምቦ እናት፣ አውቀሽስ ቢሆን ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?"

"ጋሼ፣ ልጅቷ የእግዚአብሔር ቃል መስሏት እኮ ነው..."

"ይምሰላት! ትቀርልን ነበር! አንቺም የምትፈልጊው ይሄንኑ አልነበረም?"

እውነታቸውን ነው።

ታደሰ ግንባሩ ላይ የወለሉ አቧራ እንዳለ ተቀምጧል። "በአባቴ ተጫወታችሁበት" አለ። "ሁለታችሁም።" እንዲህ ሲል እኔንና ምሕረትን አንድ ላይ ነው ያየን። ወንድሙን ሊሸኝ ወጣ፤ ሲመሽ እንጂ አልተመለሰም። ምሕረት የጫማዋን ክር ሳትቋጥር ወጣች። "ምሕረት" ብዬ ጠራኋት፤ አልዞረችም።

ከሲምቦ ጋር ብቻችንን ቀረን። ጅማን መልሳ አንደኛ ላይ ስታስገባ አየኋት፤ ላከችው። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር። ስልኩን አስቀመጠችና፣ "እማ፣ ሕልሙን ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አለችኝ።

"እንዳትፈሪ ብዬ።"

"ሌላ ሰው ግን ነገርሽ።" ገብታ በሩን ዘጋችው።

ጅማ ደረሳት። አባቷ ሥራ አለብኝ ስላለ ያደረስኳት እኔ ነኝ። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር የፊቱን ወንበር እጨብጥ ነበር። ምንም አልሆንንም። አንድ ፍየል እንኳ አልገጨንም። ግቢው በር ላይ ሻንጣዋን ተቀብላኝ፣ "በቃ ተመለሺ፣ ይመሽብሻል" አለችኝ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ እናት እውነቱን ተናገረች፣ ልጅ ተማረች ተብሎ ይወደስልኝ ነበር። አላለቀም። ጋሽ ቶሎሳ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችንን አልረገጡም። ታደሰ በዓል ሲሆን ብቻውን ዓለም ጤና ይሄዳል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያጫውተኛል፤ ስለ አባቱ ግን ከዚያ ወዲህ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ቀድሞ አልፎ አልፎ ሌሊት ያወራኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። በትሕትና ነው ያነጋገሩኝ። "እህታችን፣ ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው ነው የሚለው ቃሉ። ለምን ለብቻዋ አልነገርሻትም? ለምን በሰው ፊት?" አሉኝ። መሙያው ሰኞ ይዘጋ ነበር አልኳቸው። ተያዩ። ኢንተርኔት ስለሚዘጋ አገልጋይ አዋረድሽ እንዴ ነው ነገሩ። አሁን እሑድ እሑድ የኋላው ወንበር ላይ ነኝ። ሰላም ይሉኛል፣ እላቸዋለሁ። የጸሎት ርእስ ሊነግረኝ የሚመጣ ግን የለም፤ ማን ያውቃል፣ በሰው ፊት ታወጣው ይሆናል ብለው ነው።

ሲምቦ ኮምፒውተር ሳይንስ ደርሷት እየተማረች ነው። ባለፈው ክረምት መጥታ ሳለ፣ ልብስ እያጣጠፍን፣ "ሕጉንስ መቼ ነው የምትጀምሪው?" አልኳት፣ ደስ ይላት ብዬ።

"ትቼዋለሁ እማ።"

"ለምን? ለጓደኛሽ..."

"እውነት የሚያስረዳ ሰው ሲቆም ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። እዚሁ ቤት። ማንም ስለ እውነቱ አልጠየቀሽም፤ ለምን ተናገርሽ ነው ያሉሽ። ይሄንን ዕድሜ ልኬን ስሠራው ልኖር አልችልም።"

ስላንቺ ስል ነው የተናገርኩት ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያጣጠፍኩትን ሸሚዝ ፈትቼ መልሼ አጣጠፍኩት።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ልጆቻችሁ የሚማሩበትን ስትመርጡ ምን እንደምትሰሙ አላውቅም። እኔ ትክክል አድርጌያለሁ ወይስ አጥፍቻለሁ ብዬ ልጠይቃችሁ አይደለም የጻፍኩት። ያ ቀን ቢመለስ ዳግመኛ እናገራለሁ፤ ይህን ሳስበው ያመኛል እንጂ አልጠራጠርበትም። አንድ የማልመልሰው ጥያቄ ግን አለኝ፤ ፍርሃቴን ሁሉ የተሸከመችልኝ አንዲት ሴት ነበረች፣ ከአፏ የወጣው ያሸከምኳት ፍርሃት ነው። ሌላ ምን ይወጣ ኖሯል?

ምሕረት አገልግሎቷን ትታ፣ የተከራየችውን ቤት ለቅቃ ሄዳለች። ሊሸኛት የወጣ ሰው የለም፤ እኔም መሄዷን የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው። ስልኳ አይሠራም። አንዳንዱ ባቱ ናት ይላል፣ አንዳንዱ አርሲ እህቷ ዘንድ ገባች ይላል። አጠር ያለች ቀይ ሴት ናት፤ ስትራመድ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፣ ስትናገር "የኔ ዓለም" ማለት ታበዛለች። ይህን የምታነቡ፣ ያያት ወይም ያለችበትን የሚያውቅ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ልትታረቀኝ ባትፈልግም ግድ የለም። ደህና መሆኗን፣ የሚበላ የሚጠጣ እንዳላት፣ ስትታመም አጠገቧ የሚያድር ሰው መኖሩን ብቻ ንገሩኝ።